አንድ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰዎች

«ከታችኞቹ ውስጥ አንድ እንኳ ደግ ሰው የለም?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቀትር ነበር። ሱዳን፣ ቁረይሻ ውስጥ በአንድ የሰሊጥ እርሻ ካምፕ፣ አርባ የምንሆን አጫጆች ራኩባው ሥር ተጋድመናል። ራኩባ የሚሉት በእንጨት ቋሚዎች ላይ አገዳና ሳር የተረበረበበትን ዳስ ነው፤ በዚያ ሜዳ ላይ ሌላ ጥላ የለም። የጠየቀኝ ማጭዳችንን የሚስልልን ሰውዬ ነው። ታችኞቹ ደግሞ እኔ ከራሴ ፈጥሬ በየቀትሩ የማወራላቸው የአንድ የሌለ አገር ክፉ ሕዝቦች ናቸው።

«የለም» አልኩት። «ዘራቸው ነው። ክፋታቸው ከአጥንታቸው ነው የሚወጣው።»

ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። ሰውዬው «እሽ» አለና ወደ ወናፉ ተመለሰ። ያቺ «የለም» የምትለው ቃሌ ከአምስት ቀን በኋላ ሰው ልታስገድል ምንም አልቀራትም። እስከ ዛሬ ሳስባት ፊቴ ይግላል።

ዘመኑ ዘጠናዎቹ እያለቁ ነው። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወድቄ፣ አባቴ የተናገረኝን ቃል አልውጥ ብዬ፣ ከአንድ የመንደሬ ልጅ ጋር በመተማ በኩል ተሻገርን። ጓደኛዬ እኩያዬ ነው፤ ሃያ ዓመት ሊሞላን ጥቂት ይቀረናል። እሱ ሥራ የለመደ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሳቁ የማያልቅ። እኔ አኩራፊ። ዛሬም አኩራፊ ነኝ፤ ያኔ ግን ኩርፊያዬን እንደ ትልቅ ሙያ ነበር የምይዘው። ገዳሪፍ ሁለት ቀን ሰንብተን፣ አጫጅ የሚጭን ሎሪ ላይ ወጥተን ቁረይሻ ገባን።

ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ቀን ካለፈው ቅርፊቱ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል፤ የፈሰሰውን ማንም አይለቅመውም። ስለዚህ እያንዳንዱ አጫጅ ጠዋት መስመር ይሰጠዋል፤ ያጭዳል፣ ነዶ ያስራል፣ ነዶውን ያቆማል። የእርሻው ወኪል ሱዳናዊ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በየመስመሩ ጫፍ እየቆመ ያያል። ሦስት ቀን በተከታታይ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ጨርቁን ሸክፎ ሎሪ ላይ ይወጣል። እኔ በሁለተኛው ቀን መዳፌ ተልጦ ከሁሉም ኋላ ቀርቼ ነበር። ወደ አባቴ ቤት ባዶ እጄን ከምመለስ ግን እዚያው ብቀበር እመርጥ ነበር።

ያዳነኝ ወሬዬ ነው። ቀትር ላይ ሕመሜን ለመርሳት ለጓደኛዬ አንድ ነገር ማውራት ጀመርኩ። ወደ ላይ የሚፈስ ወንዝ ያለበት አገር አለ አልኩት፤ ከቆላ ተነሥቶ ተራራ የሚወጣ ወንዝ። ወንዙ የሚደርስበት አገር ላይኞች ይኖራሉ። ላይኞች ደጃፋቸውን አይዘጉም፣ ውሸት ቢናገሩ ምላሳቸው ይከብዳል፣ ሲሞቱ መቃብራቸው ላይ የሚበቅለው ዛፍ ለመንገደኛ ያፈራል። ወንዙ የሚነሣበት አቧራ ውስጥ ደግሞ ታችኞች አሉ። አያርሱም፣ አያረቡም። ምግባቸው ሰው ነው፤ ግን በጥርሳቸው አይነኩትም። ያዩታል። የታየው ሰው እንደ ክረምት ኩሬ ከዳር ከዳር እየደረቀ ያልቃል።

ጓደኛዬ ተነሥቶ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበሩት ዞሩ። በማግስቱ ራኩባው ሙሉ ይሰማ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዱ «አንተ ዝም ብለህ አውራ፤ መስመርህን እኛ እንካፈላታለን» አለ። እንዳለውም ሆነ። ከሰዓት በኋላ የራሱን የጨረሰ ሁሉ ከእኔ መስመር ጥቂት እርምጃ እያጨደልኝ ያልፋል። ወኪሉም መስመሩ ማለቁን እንጂ ማን እንዳጨደው አይጠይቅም። እንግዲህ እንጀራዬ ላይኞችና ታችኞች ሆኑ።

አሁን ስለ ሰውዬው ልናገር። ሽበት የጀማመረው፣ ቀጭን፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነበር። ከራኩባው ትንሽ ራቅ ብሎ ወናፉንና የከሰል ጉድጓዱን ተክሎ፣ ጠዋት ጠዋት የአርባ ሰው ማጭድ ይስላል፤ የጎበጠውን ያቃናል፣ የተሸረፈውን ይቀጠቅጣል። እሱ ባይኖር በሳምንት ውስጥ ሰሊጡን በጥርሳችን እንጨርስ ነበር። ሆኖም ማንም አብሮት አይበላም። ድርሻው በቆርቆሮ ሳህን ተለይቶ ይቀመጥለታል፤ እኛ ስንበላ እሱ ብቅ ካለ አንዱ ሳያስነቃ ድስቱን ይከድናል። ያን ሁሉ ሽበት ይዞ ማንም አንቱ አይለውም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ቡዳ ይሉታል፤ በዓይኑ ሰው ይበላል ብለው ይፈሩታል። ካምፑ ውስጥ ግን ቃሏን አፍ አውጥቶ ያነሣት አልነበረም። ማጭዱን ማን ይስልልን!

እኔ ደግሞ ሰውዬውን ቂም ይዤበታለሁ። መዳፌ በተላጠ ቀን ማጭዴ ድንጋይ መትታ ተሸረፈችና ወሰድኩለት። እጄን ይዞ ገልበጥ አድርጎ አየና ሳቀ። «ይኸ እጅ ስንኳን ማጭድ ማንኪያም ጨብጦ አያውቅ» አለ። ካምፑ በሳቅ ፈረሰ፤ ለቀናት ስሜ ማንኪያ ሆነ። ሰውዬው ያን ዕለት ማጭዴን ስሎ ሲመልስልኝ እጀታዋን በፍየል ቆዳ ጠምጥሞልኝ ነበር፤ መዳፌ የዳነው በዚያች ቆዳ ነው። ይችን አልቆጠርኳትም። የቆጠርኩት ሳቁን ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አንዱ አጫጅ «እኒህ ታችኞች መልካቸው ምንድን ነው? ሰው በምን ያውቃቸዋል?» አለኝ። አላሰብኩበትም ነበር። መልክ ፍለጋ ዓይኔ ሲዞር ሰውዬው ላይ አረፈ። የሳለውን ማጭድ በሁለት እጁ አንሥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በስለቱ ላይ አሻግሮ እያየ ነው። ብረቱ መጉበጥ አለመጉበጡን የሚያውቀው በዚህ ነው፤ በቀን አርባ ጊዜ ያደርገዋል።

«ሰው መብላት ሲያምራቸው» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።»

ሁለት ሦስት ሰዎች በጎን ወደ ወናፉ አዩና ቶሎ መሬት መሬት አዩ። ጥርሴን ነክሼ ሳቄን ዋጥኩ። ተበቀልኩት ብዬ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ታችኞቹን ትንሽ ትንሽ ሰውዬውን አስመሰልኳቸው። ጣታቸው በእሳት የጠቆረ አደረግኩት። ለብቻቸው የሚበሉ አደረግኳቸው። ሰሚው ይበልጥ ተመሰጠ፣ መስመሬም ቶሎ ቶሎ አለቀ። ሰውዬው አንዳንዴ ሞረዱን አቁሞ ይሰማኝ ነበር። ገብቶት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ያን ጥያቄ የጠየቀኝ ቀን ግን እንደ ገባው አወቅኩ፤ አውቄም «የለም» አልኩት።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጓደኛዬ ብርድ ብርድ አለው። ሁለት ብርድ ልብስ ደርበንበት ወደ መስመራችን ሄድን። ለቀትር ስንመለስ እንደ ምጣድ ግሏል፤ ዓይኑ ተገልጧል፣ ግን አያየንም። አጠገቡ ተቀምጬ ከንፈሩን በውሃ ሳርስ ማውራት ጀመረ።

«ወንዙ ወደ ላይ ይፈሳል...» አለ። «እኔ ከወንዙ በታች ነኝ... አቧራው ውስጥ...»

ከአጫጆቹ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም አንቱ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ለፈለፈ!» አሉ።

ሰው ሁሉ ከየተጋደመበት ተነሣ። ቡዳ የበላው ሰው ይለፈልፋል፤ የሚናገረውም ሕመምተኛው ሳይሆን የበላው ነው ይባላል። አጥብቀው ከጠየቁት ማን እንደሆነና የት እንደያዘው ራሱ ይናገራል። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቆ አመጣ፤ አፍንጫው ላይ ያዙበት። ጓደኛዬ ተንፈራገጠ። ሽማግሌው ደረቱን ተጭነው «ማን ነህ? ተናገር! ከየት ያዝከው?» ይላሉ።

«ከራኩባው... ጥላው ሥር ተኝቶ አየሁት» አለ ጓደኛዬ። «አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዳር ከዳር አደረቅሁት።»

ቃሉ የእኔ ነው። ቃል በቃል! ከትናንት በስቲያ ያወራሁት፣ አንድ ታችኛ ዛፍ ሥር የተኛ መንገደኛ ሲበላ የሚናገረው ነው። ዛፉ ራኩባ ሆነ እንጂ ሌላው አልተነካም።

ሁላችንም ባንድ ጊዜ ዞርን። ሰውዬው ምንም አልሰማም፤ ወናፉ ይጮሃል። ማጭድ አንሥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በስለቱ አሻግሮ ወደ እኛ በኩል እያየ ነበር።

ሮጡ። ከጎናቸው ያኖሩትን ማጭድ አንሥተው ነበር። ሁለቱ ክንዱን ጠምዝዘው እየጎተቱ አመጡት፤ ነጠላ ጫማው አንዱ ከሰሉ ላይ ቀረ። ጓደኛዬ ራስጌ አንበረከኩት። አንድ ማጭድ ከኋላ አንገቱ ላይ አረፈች። እሱ ራሱ ጠዋት የሳላት ነች።

«ልቀቀው!» አሉ ሽማግሌው።

«ማንን?»

«ልጁን ልቀቅ! ምራቅህን እንትፍ በልበት።»

ሰውዬው ጓደኛዬን አየው። «ወባ እኮ ነው» አለ። «እባካችሁ፣ ውሃ አፍስሱበት። ሐኪም ቤት ውሰዱት። በእናታችሁ፣ ልጁ ይሞትባችኋል።»

«ሰማችሁት? ይሞትባችኋል አለ!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

«እንትፍ በልና ይነሣ፣ አንነካህም» አሉ ሽማግሌው። «እምቢ ካልክ ግን ከዚች አትነሣም።»

ያን ጊዜ ሰውዬው ምን እንደገባው እኔም ገባኝ። እንትፍ ካለ ቡዳ ነኝ ብሎ አመነ ማለት ነው፤ ከዚያ ጓደኛዬ ካልተነሣ ይገድሉታል። ካላለም ይገድሉታል። ወኪሉ በሎሪው በርሜል ይዞ ውሃ ሊያመጣ ሄዷል፤ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። በሜዳው ላይ ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ወዲያው ጮህኩ ብል ደስ ባለኝ። አልጮህኩም። መጀመሪያ ያሰብኩት መስመሬን ነው። ታሪኩን አዋረድኩት ማለት እንጀራዬን ገደልኩ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የባሰ ነው። ለአፍታ እኔም አመንኩ። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ እኛ ሲያይ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ጓደኛዬም ሲደርቅ እያየሁት ነው። ቢሆንስ? አልኩ። የፈጠርኩት እኔ፣ ያመንኩትም እኔ!

ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። ሌላ ማንንም አላየም፤ እኔን ብቻ። በሁለቱም ዓይኑ።

«ቃሉ የእኔ ነው» አልኩ።

የሰማኝ የለም። ደገምኩት፤ ጮህኩ። «ቃሉ የእኔ ነው! የሚናገረው እኔ ያወራሁትን ነው! ከትናንት በስቲያ እዚችው ቁጭ ብላችሁ አልሰማችሁም? ትኩሳት ይዞት ታሪኩን ነው የሚቀባጥር!»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። «አንተስ ከየት አመጣኸው?» አሉኝ። «ጡት ያልጣልክ ልጅ ነህ። ይህን ሁሉ ከራስህ ነው ያፈለቅኸው? እሱ ነው እንጅ በዓይኑ ያስገባብህ።»

«እውነት ነው» አሉ ከኋላ። «እሱንም ይዞታል።»

ያወራሁላቸውን ሁሉ አምነውኛል፤ እውነቱን ስናገር ነው ያላመኑኝ። አንገቱ ላይ ያለችው ማጭድ ትንሽ ተጫነችና ደም በኮሌታው ወረደ። ምን እንዳደረግሁ ሳላውቅ ጓደኛዬ ጆሮ ላይ ተደፋሁ፤ ታሪኩን በምጀምርበት ድምፅ «ላይኞች ደጃፋቸውን...» አልኩ።

ጓደኛዬ ዝም አለ።

«ላይኞች ደጃፋቸውን...» አልኩ እንደገና። ልቅሶዬ መጣ።

«አይዘጉም» አለ ጓደኛዬ። «ውሸት ቢናገሩ... ምላሳቸው ይከብዳል።»

«ሲሞቱስ?»

«ሲሞቱ ዛፍ ይሆናሉ። ለመንገደኛ ያፈራል።» ከዚያም በመሀል ሳቀ፤ ያች የማታልቅ ሳቁ። «ማንኪያ፣ ቀጥል እንጅ» አለኝ።

ማጭዷን የያዘው ልጅ እጁ ላላ። «ቡዳ ስለ ደጋጎቹ ያወራል እንዴ?» አለ፣ ማንን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ። አንዱ ሳቅ አመለጠው። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ ሰውዬውንም ልቀቁት አላሉም። እንደዚያው ቆመን ሳለን የሎሪው ድምፅ ተሰማ።

ወኪሉ ወርዶ አርባ ሰው ተኮልኩሎ አየ፤ ሰሊጡ ደግሞ ቆሟል። እጁን ጓደኛዬ ግንባር ላይ አደረገና «መላሪያ!» ብሎ ጮኸ፤ በዓረብኛ ዘሮቻችንን ሁሉ ሰደበ። ጓደኛዬን ወዲያው ሎሪው ላይ አስጫነው። ሽማግሌው ጠጋ ብለው ሰውዬው እዚህ ካደረ እኛ አናድርም አሉት። ወኪሉ ግራ ቀኙን አየ። አርባ አጫጅና አንድ ማጭድ የሚስል ሰው፤ አልከበደውም። ሰውዬው ነገ ጠዋት በትራክተሩ ይሂድ አለ። ከዚያ ወደ ወናፉ እየጠቆመ «ሲምሲም ማ ቢንተዚር» አለ፤ ሰሊጥ አይጠብቅም ማለቱ ነው። ከመሄዱ በፊት የሁሉንም ማጭድ ይሳል።

ሳለ። አንድ እግሩ ባዶ፣ ኮሌታው ላይ ደሙ ደርቆ፣ ወናፉን ነፋ። አጫጆቹ እየተራመዱ ይመጣሉ፣ ፊቱን ሳያዩ ማጭዳቸውን እግሩ ሥር ያስቀምጣሉ፣ ይመለሳሉ። ያቺን ማጭድም አስቀመጡለት። አንሥቶ ሳላት።

እኔ የመጨረሻው ነበርኩ። ፊቱ ተንበረከክሁ። ሞረዱን ይገፋል፣ ይስባል። ስለቱን ሊያይ ማጭዱን ወደ ፊቱ አነሣ፤ አንድ ዓይኑ መጨፈን ስትጀምር ደንግጦ ገለጣትና ማጭዱን ጭኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ። ዞር ብሎ ራኩባውን አየ። ሁሉም እያዩት ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ከካምፑ ሰው መጀመሪያ አንቱ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምን ይጠቅመዋል።

ዓይኑን ከማጭዱ ሳያነሣ «ስጠይቅህ ጊዜ» አለ፣ «አንድ አለ ብትል ምን ይጎድልብህ ነበር?»

እጀታዋ ላይ የላላችውን የፍየል ቆዳ ጠበቅ አድርጎ ጠመጠማትና ማጭዴን ሰጠኝ።

ጠዋት ወናፉን ተሸክሞ ትራክተሩ ላይ ወጣ። ወደ ኒው ሀልፋ ሄደ ያሉ አሉ፣ ከሰላ አየነው ያሉም አሉ፤ እኔ ዳግመኛ አላየሁትም። ጓደኛዬ ገዳሪፍ በመርፌ ዳነ፤ የተናገረውን አንዷንም አያስታውስም።

ሰውዬው በሄደበት ቀን፣ ጠዋቱን ያለፈውን ቀን ነዶ ስናስርና ስናቆም አርፍደን፣ ቀትር ላይ ራኩባው ሥር ተጋደምን። ምንም እንዳልሆነ ሁሉ አንዱ «በል እንጅ፣ ቀጥል!» አለ። ሌሎቹም ዞሩ። ሽማግሌው እንኳ ክንዳቸውን ተንተርሰው ጆሯቸውን ሰጡኝ።

«ከታችኞቹ መካከል» አልኩ፣ «አንድ ደግ ሰው ነበር። ብረት ያቃናል...»

«ተው፣ ተው!» አሉ ሽማግሌው። «አታበላሽብን። ዘራቸው ነው ያልከን አንተው አይደለህም?»

«ውሸት ጀመረ» አለ ሌላው፣ ተቆጥቶ። «እንደ ድሮው አውራ!»

ሁሉም እንደ ድሮው አሉኝ። መስመሬን አሰብኩ፤ ወኪሉን አሰብኩ፤ የአባቴን ደጃፍ አሰብኩ። ተነሥቼ ማጭዴን ይዤ ወደ ፀሐዩ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ማንም አንዲት እርምጃ አላጨደልኝም፤ በአራተኛው ቀን ወኪሉ ሎሪው ላይ አወጣኝ።

ያን ዕለት ግን እስኪመሽ ብቻዬን አጨድኩ። ማጭዷ አትቆርጥም፤ ጫፏ ወደ ጎን ጎብጦ አገዳውን ትጎትታለች። የእኔ ብቻ መስሎኝ ቀና ስል፣ በየመስመሩ ሰው ሁሉ ቆሞ ማጭዱን እያገላበጠ ያይ ነበር። የአርባዎቻችንም እንደዚያው ነበረች። ሰውዬው ሁለት ዓይኑን ገልጦ ነው የሳላት።